ርካሹን ዕቃ ለቤተ መዘክር ያበቃ ሰው፤ ጆን ኮተን ዴና

ቤተ መዘክር ሲባል በብዙ ሰው ዐሳብ የሚመጣው የነገሥታት ዘውድ፣ የጥንት ሐውልትና በወርቅ ቀለም ክፈፍ የተሰቀለ ሥዕል ነው። ውሃ የሚቀዳበት ማንቆርቆሪያ ወይም በየቤቱ ያለ ሳሕን ከዚያ ይገባል ብሎ የሚገምት ጥቂት ነው። ይህን ልማድ በአሜሪካ አገር አጥብቀው ከተቃወሙት ሰዎች አንዱ ጆን ኮተን ዴና ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

ዴና በ1856 በቬርሞንት በዉድስቶክ ከተማ ተወለደ። በ1878 ከዳርትመዝ ኮሌጅ ተመርቆ ሕግ ቢማርም፣ ጤንነቱ ስለ ታወከ አየሩ ወደሚስማማው ወደ ኮሎራዶ ሄዶ በመሬት ቀያሽነት ሠራ። ከ1889 ጀምሮ የዴንቨር ቤተ መጻሕፍት ኀላፊ ሲሆን፣ አንባቢው ራሱ ከመደርደሪያው መጽሐፍ እንዲያነሣ ፈቀደ፤ ለሕፃናትም የተለየ ክፍል አዘጋጀ። መጽሐፍ የተገዛው ሊነበብ እንጂ ሊቈለፍበት አይደለም የሚለው እምነቱ በኋላ ለቤተ መዘክርም መመሪያ ሆነው።

በ1902 የቤተ መጻሕፍት ኀላፊ ሆኖ ወደ ኒውዋርክ መጣ። ኒውዋርክ ቆዳ የሚለፋባት፣ ጌጣጌጥ የሚሠራባት፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሠራተኞች የሞሉባት የፋብሪካ ከተማ ነበረች። በ1909 ከተማው አንድ ሰው የሰበሰበውን የጃፓን ጥበብ በ10,000 ዶላር ሲገዛ፣ ዴና በቤተ መጻሕፍቱ ሕንጻ ውስጥ ቤተ መዘክር መሠረተ።

በዚያን ዘመን ባለጠጎች ለቤተ መዘክር መስጠት የሚወዱት ከአውሮፓ በውድ ዋጋ ያስመጡትን የቆየ ሥዕል ነበር። ዴና በ1917 ባሳተማቸው ጽሑፎች ይህን ነቀፈ። ግብር የሚከፍለው ሠራተኛ ከዚህ ምን ይማራል? ሲል ጠየቀ። ሕዝብ ከሚተላለፍበት መካከል የቆመና ለሁሉ የተከፈተ ትልቅ መደብር ከብዙ ቤተ መዘክሮች ይልቅ ለመልካም ቤተ መዘክር ይቀርባል እስከ ማለት ደረሰ። ዐሳቡን በሥራም አሳየ። በ1912 የጀርመንን አዲስ የዕቃ ቅርጽና የማስታወቂያ ጥበብ አቀረበ፤ በ1915 ደግሞ ከኒው ጀርዚ የሸክላ ሥራዎች መካከል የመጸዳጃ ቤት መቀመጫ ሳይቀር ለትርኢት አበቃ።

ነገር ግን ዐሳብ ብቻውን ቤት አይሠራም። ዕርዳታው የመጣው ከነጋዴው ከሉዊስ ባምበርገር ነው። ይህ የትልቅ መደብር ባለቤት ከቤተ መዘክሩ ባለአደራዎች አንዱ ነበር፤ ከተማው መሬቱን ሲያቀርብ እርሱ የሕንጻውን ወጪ ቻለ። አዲሱ ቤተ መዘክር በ1926 ተከፈተ።

የሱቅ ዕቃ በቤተ መዘክር ሲታይ የሚጠቀመው ነጋዴው አይደለምን? የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነጋዴው መጠቀሙም አይካድም። ሆኖም የባምበርገር ታላቅ ስጦታ ሥዕል ሳይሆን ቤት ስለ ነበረ፣ ውስጡ በምን እንደሚሞላ አስቀድሞ አልወሰነም። የዴና ብልኅነትም እዚህ ላይ ነው። በ1928 ከከተማው ሱቆች ዋጋቸው በሳንቲም የሚቈጠር፣ ቅርጻቸው ግን ያማረ ዕቃዎች ተገዝተው በዚያው ሕንጻ ለሕዝብ ቀረቡ። ውበት ከዋጋ፣ ከብርቅነትና ከዕድሜ ጋር ግንኙነት የለውም የሚለውን ትምህርቱን የፋብሪካ ሠራተኛዋ ከገዛ ማእድ ቤቷ ዕቃ ልትረዳው ቻለች።

ዴና በ1929 በ72 ዓመቱ ሞተ። ቤተ መዘክሩ ግን ዛሬም በኒውዋርክ አለ።

እኛ ተማሪዎች ከዚህ ሰው ሕይወት የምንማረው ባለጠጋን መናቅን ወይም ማሞገስን አይደለም። ለሕዝብ የሚሰጥ ስጦታ ሲመጣ፣ ስንት ነው? ከማለት አስቀድሞ፣ መራጩ ማን ነው? የሚያየውስ ማን ነው? ብሎ መጠየቅን ነው። ዛሬ የሚሠራውን መልካም ዕቃ ዛሬ የማይገዛ ቤተ መዘክር፣ ነገ ያንኑ ዕቃ ከባለጠጋ እጅ ለመለመን ይገደዳል።