የቡሽ ታኮ

ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮሌጃችን ሦስት ፌርማታ ርቆ በሚገኝ የጫማ ማደሻ ሱቅ እሠራለሁ። ስለዚህ የዚህ ዕትም የታላላቅ ሰዎች ገጽ ተራ ለእኔ ሲደርስ ንጉሥም ሯጭም አልመረጥኩም፤ ጫማ ሰፊ መረጥኩ። አዘጋጆቹ ትንሽ ፊታቸውን አጨማደዱ። እናንተ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና ፍርዱን ስጡ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በሱቁ አብዛኛው ሥራችን ታኮ መቀየር ነው። ለማታውቁት ላስረዳ። ባለ ረጅም ታኮ የሴት ጫማ መሬት የሚነካው ጫፉ ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ቁራጭ ፕላስቲክ አለችው። በየእርምጃው ክብደታችን የሚያርፈው እሷ ላይ ስለሆነ ቶሎ ታልቃለች። አልቃ ሚስማሯ አስፋልት መንካት ሲጀምር ድምፁ ይለወጣል፤ እኔ አሁን መንገድ ላይ ስሄድ ድምፁን ሰምቼ የማን ታኮ እንዳለቀ መለየት ጀምሬአለሁ። ያለቀችውን በጉጠት ይዤ እነቅላለሁ፣ አዲሷን በመዶሻ መትቼ አስገባለሁ፣ ጠርዟን እሞርዳለሁ፤ አለቀ። የወንድ ጫማ ሲሆን ከታኮው ሥር ያለውን የጎማ ንጣፍ ፈልቅቄ ሌላ በማስቲሽ እለጥፋለሁ። በዚህ አገር የጎማ ታኮን በ1899 በፓተንት ያስመዘገበው በማሳቹሴትስ፣ ሎውል ከተማ ይኖር የነበረ ሃምፍሪ ኦሱሊቫን የሚባል የአየርላንድ ስደተኛ ነው። የሚቀየር ታኮ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የሚያልቀው ክፍል ለብቻው ይለቅ፣ ጫማው ይትረፍ።

ታኮ የሚለው ቃላችን ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። የጭነት መኪና ረዳት ዳገት ላይ ዘሎ ወርዶ ጎማ ሥር የሚወሽቀውንም ጉማጅ ታኮ እንለዋለን። ይህችን ሁለተኛ ትርጉም ያዙልኝ፤ በኋላ ትጠቅመናለች።

የሱቁ ባለቤት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። አባታቸው ከደቡብ ጣሊያን የመጡ ጫማ ሰፊ ነበሩ። ከመስፊያ ማሽኑ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በእንጨት ፎርማዎች መካከል የቆመ ሰው ፎቶ ተሰቅሏል። መጀመሪያ አባታቸው መስለውኝ ነበር። ሳልቫቶሬ ፌራጋሞ መሆኑን ሲነግሩኝ ሽቶና ቦርሳ ላይ ያየሁት ስም የሰው ስም መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። በ1957 የታተመውን ግለ ታሪኩን ከቤተ መጻሕፍታችን ተውሼ ያነበብኩትም ከዚያ በኋላ ነው።

ፌራጋሞ በ1898 ከኔፕልስ በስተምሥራቅ ባለች ቦኒቶ በምትባል የኮረብታ መንደር ተወለደ፤ ከአሥራ አራት ልጆች አሥራ አንደኛው። ቤተሰቡ ድሃ ነበር። ልጁ የመንደሩን ጫማ ሰፊ ሥራ ቁጭ ብሎ ማየት ይወድ ነበር፤ ወላጆቹ ግን ጫማ መስፋት የወራዳ ሥራ ነው፣ ቤተሰብ ያዋርዳል ብለው ከለከሉት። እዚህ ገጽ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ። ቆዳ የሚያለፋውን ሰው ፋቂ ብሎ የሚሰድብ አገር ልጅ ነኝና ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው እህቶቹ ለቤተ ክርስቲያን በዓል የሚያደርጉት ነጭ ጫማ ጠፋ። መግዣ የለም። ልጁ ከጫማ ሰፊው ዕቃ ለምኖ ሌሊቱን ሲሰፋ አድሮ ጠዋት አስረከባቸው። ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡ አፉን ያዘ። ኔፕልስ ሄዶ ጥቂት ተምሮ ተመለሰና፣ ገና ጢም ሳያበቅል፣ እዚያው መንደር ቤታቸው ውስጥ ሱቅ ከፈተ።

አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ቀድመውት የወጡትን ወንድሞቹን ተከትሎ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ይህን ክፍል ለእናንተ ማብራራት አያስፈልገኝም። ቦስተን ሲደርስ ወንድሙ የሚሠራበትን የጫማ ፋብሪካ አሳዩት። ዞሮ አየና እዚህ አልሠራም አለ። ማሽኑ የሚተፋው ጫማ ከባድና ድርቅ ያለ ሆኖ አስጠላው። እስኪ አስቡት፣ ትናንት ከመርከብ የወረደ፣ ቋንቋ የማያውቅ ልጅ፣ የፋብሪካ ሥራ ሲንቅ! እኛ ቤት ቢሆን ኖሮ ስልኩ ከአዲስ አበባ እስከ ሲያትል ለሳምንት ባላረፈ ነበር።

እሱ ግን ወንድሞቹን አሳምኖ ወደ ካሊፎርኒያ ይዟቸው ሄደ። ሳንታ ባርባራ ላይ እንደ እኛው ያለ ጫማ ማደሻ ከፈቱ፤ ጎን ለጎንም ለፊልም ሠሪዎች የካውቦይ ቦት መሥራት ጀመረ። ፊልሙ ወደ ሆሊውድ ሲሄድ እሱም ተከተለና በ1923 እዚያ ሱቅ ከፈተ። ሜሪ ፒክፎርድና ግሎሪያ ስዋንሰን ደንበኞቹ ነበሩ። ለሴሲል ዴሚል የዐሥርቱ ትእዛዛት ፊልም ሰንደል የሠራውም እሱ ነው።

ከኮከቦቹ ሁሉ ለእኔ የሚበልጥብኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጫማዎቹ እያማሩ እግር ያሳምሙ ነበር፤ ምክንያቱ እንቅልፍ ነሳው። ስለዚህ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የአናቶሚ ትምህርት ገብቶ ተማረ። ስንት የሕክምና ተማሪ አለን በዚህ ማኅበር፣ አጥንት ስትሸመድዱ አስታውሱት። እዚያ የተረዳው ነገር ቀጥ ብለን ስንቆም ክብደታችን የሚወርደው በተረከዙና በፊተኛው መርገጫ መካከል ባለው ጎድጓዳ ቅስት ላይ መሆኑን ነው። የዘመኑ ጫማ ያንን ቦታ ባዶውን ይተወው ነበር። እሱ ቅስቱን ከሥሩ ደገፈው። ጫማው መሃሉ ላይ እንዳይሰምጥ ደግሞ ከሶሉ ውስጥ ከታኮው ወደ ፊት የሚሄድ ቀጭን የአረብ ብረት ምላስ አለ። ይህ ብረት ሲሰበር ጫማው መሃል ምሰሶው እንደወደቀ ድልድይ ይጎብጣል፤ በሱቃችን አይቻለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ሁሉ በዚህች ብረት ላይ ይዞራል።

በ1927 ወደ ጣሊያን ተመልሶ ፍሎረንስ ተቀመጠ፤ በእጅ የሚሠሩ ባለሙያዎች ያሉት እዚያ ነበርና። የሚሠራው ለአሜሪካ ገበያ ነበር። በ1929 የአሜሪካ ኢኮኖሚ ሲወድቅ ትእዛዙ ደረቀ፤ በ1933 ከሰረ። ከባዶ ጀምሮ በአገር ውስጥ ደንበኛ ቀስ ብሎ ቆመ።

ልክ ሊቆም ሲል 1935 ደረሰ። ኦክቶበር 3 ቀን የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችን ገባ። የመንግሥታት ማኅበር ጣሊያንን ወራሪ ብሎ ፈረደ፤ ኖቬምበር 18 ቀን ማዕቀቡ ሥራ ላይ ዋለ። ነዳጅ ግን በማዕቀቡ አልተካተተም። የሱዌዝ ቦይም አልተዘጋም። አውሮፕላኖቹ በረሩ፤ የመርዝ ጋዙን አዘነቡ። ማርች 31 ቀን 1936 ማይጨው ሆነ። የአያቴ አባት ወደዚያ ከዘመቱ በኋላ አልተመለሱም፤ ቤታችን ውስጥ ፎቶ እንኳ የላቸውም። ሜይ 5 አዲስ አበባ ተያዘች። ጁን 30 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ቆመው ለማኅበሩ አቤት አሉ። በጁላይ ማዕቀቡ ተነሣ። እንግዲህ ማዕቀቡ ታንክ አላቆመም፣ ጋዝ አላቆመም። የፌራጋሞን ብረት ግን አቆመ።

ለጫማው ምላስ የሚጠቀምበት ጥሩ አረብ ብረት ከጀርመን ይመጣ ነበር። በማዕቀቡና በጦርነቱ መካከል ያ ብረት ጠፋ። በምትኩ ያገኘው የአገር ውስጥ ብረት ደካማ ስለነበር የሰው ክብደት ሲያርፍበት ይሰበራል። ደንበኞች ጫማ ይመልሳሉ። ለሁለተኛ ጊዜ መክሰር ከፊቱ ቆሟል።

ያደረገው ይህ ነው። ብረቱ የሚያስፈልገው በታኮውና በፊተኛው ሶል መካከል ባዶ ቦታ ስላለ አይደለም? እንግዲያው ባዶውን መሙላት። የሰርዲኒያን ቡሽ፣ ያንኑ የወይን ጠርሙስ የሚደፈንበትን፣ እየቆራረጠ በማስቲሽ እየደራረበ ከተረከዝ እስከ ጣት ሞላው፤ ከዚያ በቢላ ጠረበው። ቡሽ ቀላል ነው፣ ይጠረባል፣ ተጭነውት ይመለሳል። ከጎን ሲያዩት የመኪና ጎማ ሥር የሚወሸቀው ታኮ ቁርጥ! ብረት የለም፣ የሚሰበርም የለም። እንደሚተርከው፣ መጀመሪያ ያየው ሰው ሁሉ አስቀያሚ ነው አለው። አንዲትን ዱቼሳ ለምኖ አሳምኖ ሠራላት፤ እሷም እሑድ ቤተ ክርስቲያን አድርጋው ሄደች፤ ከዚያ ሌሎቹ ተሰለፉ። በ1937 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ ብዙም ሳይቆይ ዓለም ሁሉ ቀዳው። በእርግጥ ከዚያ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የቬኒስ ሴቶች በቡሽና በእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ ጫማ ያደርጉ ነበር። የእሱ ግን የተወለደው ከብረት እጦት ነው። ቆዳ ሲያጥረውም የዓሣ ቆዳ፣ ራፊያ፣ የከረሜላ መጠቅለያ ዓይነት ሴሎፌን ይዞ ሠርቷል።

ይህን ሁሉ ሳነብ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሰማኝ ነበር። ሙያውን አደንቃለሁ፤ እጄም ስለሚያውቀው ከልቤ ነው የማደንቀው። ደግሞ ሆዴ ይቆርጠኛል። ከደንበኞቹ መካከል ሙሶሊኒ ራሱና ፍቅረኛው ክላራ ፔታቺ ነበሩ። ያንን ጦር ለላከው እግር ጫማ ለካ ማለት ነው። ጫማ ሰፊ የመጣለትን እግር ይለካል ትሉኝ ይሆናል፤ እኔም አንዳንድ ቀን እንደዚያ ብዬ አልፋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ አላልፍም። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የፋሽን ጽሑፎች ይህን ታኮ ሲያወሱ ማዕቀብ የምትለዋን ቃል ጠቅሰው መሄዳቸው ነው። ማዕቀቡ እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። በማን ምክንያት፣ የማን አገር ስለተወረረ እንደሆነ ብዙዎቹ አይጽፉም።

ሽማግሌው ባለሱቅም ታሪኩን ሲነግሩኝ እንዲሁ ነበር ያለፉት። በማዕቀብ ምክንያት ብረት ጠፋ አሉ፣ ቀጠሉ። ማዕቀቡ ለምን እንደተጣለ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ከእንግሊዞች ጋር የሆነ ጠብ መስሏቸው ነበር። እኔ ነገርኳቸው፤ ስለ ማይጨውም ነገርኳቸው። መዶሻቸውን አስቀምጠው መነጽራቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ከዚያ ወንድ አጎታቸው በዚያ ጦርነት ዘምተው እንደነበር፣ ቤት ውስጥ ግን ስለ እሱ የሚያወራ እንዳልነበረ ነገሩኝ። የቀረውን ሰዓት ሁለታችንም ብዙ አላወራንም። ፎቶው አሁንም እዚያው ተሰቅሏል፤ እንዲወርድም አልጠየቅሁም።

የቀረውን ላሳጥር። ፌራጋሞ በ1936 ፍሎረንስ መሃል ፓላሶ ስፒኒ ፌሮኒ በሚባለው ጥንታዊ ሕንፃ ውስጥ ቦታ ተከራየ፤ በ1938 ሕንፃውን ራሱን ገዛው። በ1940 የቦኒቶ ልጅ የሆነችውን ዋንዳ ሚሌቲን አገባና ስድስት ልጆች ወለዱ። ከጦርነቱ በኋላ ብረቱ ሲመለስ ረጃጅሞቹ ቀጫጭን ታኮዎች ተመለሱ፤ ለማሪሊን ሞንሮ አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ታኮ ሠርቶላታል። የእኛ የቅዳሜ እንጀራም የመጣው ከእነዚህ ቀጫጭኖች ነው፤ ታኮው በቀጠነ ቁጥር ጫፏ ቶሎ ታልቃለች። በ1947 የዓሣ ማጥመጃ ከሚመስል የናይሎን ክር የሠራው የማይታይ ሰንደል አሜሪካ ውስጥ ሽልማት አስገኘለት። በ1960 በስድሳ ሁለት ዓመቱ ሞተ። እስከዚያ ድረስ የቤት እመቤት የነበረችው ዋንዳ ድርጅቱን ተረክባ አሳደገችው። የደንበኞቹ እግር የተቀረጸባቸው የእንጨት ፎርማዎች ዛሬም በዚያ ሕንፃ ባለው ሙዚየም ይታያሉ።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የአገራችን ልጅ ጫማ ይዛ ወደ ሱቁ መጣች። በሐበሻ ቀሚስ የምታደርገው ባለ ቡሽ ድፍን ታኮ ነበር፤ የኋላው ጠርዝ በአንድ ጎን ተበልቷል። ታኮውን ብቻ ቀይርልኝ አለችኝ፤ ለፋሲካ ቅዳሴ ትፈልገዋለች። ድፍን ታኮ ግን ለብቻው አይነቀልም፤ ሶሉና ታኮው አንድ አካል ናቸው። የታችኛውን ንጣፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገፍፎ፣ የተበላውን ቡሽ ቆርጦ በአዲስ ሞልቶ፣ እንደገና ማልበስ ነው ያለው መንገድ። ከአምስት ደቂቃ ሥራ የሰዓታት ሥራ ሆነ። ዋጋውን ስነግራት ትንሽ ደነገጠች፤ ቢሆንም ተወችልን።

በአማርኛ ስንነጋገር ሽማግሌው ከማሽናቸው ቀና ብለው ያዩን ነበር። ስትወጣ ከየት አገር እንደሆነች ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ምንም ሳይሉ ተነሥተው ከጓዳ የቡሹን ሉህ አወጡና ጫማውን ከእጄ ወስደው ራሳቸው መቁረጥ ጀመሩ።