ሃርቪ ኩሺንግ እና የአንጎል ዕጢ የትውልድ ሐረግ

የአንጎል ዕጢ የሚያድገውና ከሕክምና በኋላ ተመልሶ የሚያንሠራራው የግንደ ሕዋስ ጠባይ ባላቸው ጥቂት ሕዋሳት ነው የሚለው ሐሳብ፣ ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ በላቦራቶሪ ምርምር ሰፊ ቦታ ይዟል። ከሐሳቡ በስተጀርባ ያለው ጥያቄ ግን ከዚያ ይቀድማል። ይህ ዕጢ በፅንስ ዘመን ከየትኛው ሕዋስ ይዛመዳል ብሎ መጠየቅን የነርቭ ሐኪሞች የለመዱት በዋናነት እ.ኤ.አ. በ1926 ከታተመ አንድ መጽሐፍ ነው። ከመጽሐፉ ሁለት ደራሲያን አንዱ አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ ነበሩ።

ኩሺንግ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1869 በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አሥረኛ ልጅ ሲሆኑ፣ አባታቸው፣ አያታቸውና ቅድመ አያታቸው ሐኪሞች ነበሩ። በዬል ከተማሩ በኋላ የሕክምና ትምህርታቸውን በ1895 በሃርቫርድ አጠናቀቁ። ተማሪ ሳሉ ኤተር እንዲሰጡ የታዘዙለት ሕመምተኛ በእጃቸው ላይ ሞተ። በዚህ ክፉኛ የተነኩት ኩሺንግ ከትምህርት ጓደኛቸው ከአርነስት ኮድማን ጋር በመሆን፣ በማደንዘዣ ጊዜ የልብ ምትና አተነፋፈስ የሚመዘገብበትን ሰንጠረዥ አዘጋጁ። የኋላው ሥራቸው ሁሉ ከዚህ የመመዝገብ ልማድ የተቀዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በዊልያም ሃልስቴድ ሥር ሲሠለጥኑ፣ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ወሳኝ የሆነ ነገር ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1902 ከአንድ ሕመምተኛ የፒቱታሪ ዕጢ አካባቢ ያወጡት ናሙና በፓቶሎጂ ክፍል ውስጥ ጠፋ። ቁጣቸው በቀላሉ የማይበርድ ሰው ነበሩና፣ ከዚያ በኋላ የሚያወጡትን ናሙና ሁሉ ራሳቸው ለመያዝ ወሰኑ። በ1912 ወደ ቦስተን፣ ወደ ፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል ሲዛወሩም ይህን ሥርዓት ይዘው ሄዱ። የሕመምተኛው ታሪክ፣ ፎቶግራፉ፣ የቀዶ ሕክምናው ሥዕልና ከዕጢው የተቆረጠው ቁራጭ በአንድነት ይቀመጣሉ። ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሕመምተኞች ስለ ጤንነታቸው በደብዳቤ እንዲያሳውቁ ይጠየቃሉ፤ ሲሞቱም በተቻለ መጠን አስከሬናቸው ይመረመራል።

ክምችቱ ሲያድግ አንድ ችግር ጎልቶ ወጣ። ግሊዮማ በሚል አንድ ስም የሚጠሩ ዕጢዎች ባሕርያቸው እጅግ የተለያየ ነበር፤ አንዱ ሕመምተኛ ለዓመታት ሲኖር ሌላው በወራት ውስጥ ይሞታል። ቀዶ ሐኪሙ ለሕመምተኛው ቤተሰብ ምን እንደሚናገር አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1919 ከኩሺንግ ጋር መሥራት የጀመሩት ፐርሲቫል ቤይሊ ይህን ጉዳይ በማይክሮስኮፕ ያዙት። ስፔናውያኑ ራሞን ኢ ካኻልና ሪዮ ኦርቴጋ ባበጁት፣ ወርቅና ብር በሚጠቀም የማቅለም ዘዴ ከ400 በላይ የግሊዮማ ናሙናዎችን ከክምችቱ አውጥተው ፈተሹ። መመሪያቸው የፅንስ ጥናት ነበር፦ የነርቭ ሥርዓት ሕዋሳት ካልተለየ የመነሻ ሕዋስ ተነሥተው ደረጃ በደረጃ ወደ ጎለመሰ ሕዋስ የሚያድጉ ከሆነ፣ እያንዳንዱ የዕጢ ዓይነት ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱን መምሰል አለበት። በሕፃናት ሴሬቤለም ውስጥ የሚያገኙትን ክፉ ዕጢ መጀመሪያ በሌላ ስም ጠርተውት ነበር፤ በ1925 ግን ሜዱሎብላስት ከሚባል የመነሻ ሕዋስ ጋር አያይዘው ሜዱሎብላስቶማ አሉት።

በ1926 የወጣው መጽሐፍ የግሊዮማ ቤተሰብን በ14 ዓይነት ከፍሎ፣ እያንዳንዱን ከሕመምተኞቹ የዕድሜ ቆይታ ጋር አነጻጸረ። ዛሬ ግሊዮብላስቶማ የምንለው ዕጢ የያዛቸው በአማካይ አንድ ዓመት ያህል ሲቆዩ፣ አስትሮሳይቶማ የያዛቸው ከአምስት ዓመት በላይ ኖረዋል። ሕዋሱ ወደ መነሻው በቀረበ መጠን ዕጢው ይከፋል ማለት ነው። የማይክሮስኮፕ ሥራው በአብዛኛው የቤይሊ ነው፤ የቤይሊ ስምም በመጽሐፉ ላይ ይቀድማል። ነገር ግን የኩሺንግ የሃያ ዓመት መዝገብ ባይኖር ንጽጽሩ ከቶ አይቻልም ነበር። በዚያው ዓመት በጁን ወር የበኩር ልጃቸው ዊልያም በመኪና አደጋ ሞተ። ኩሺንግ መርዶውን ለባለቤታቸው ካሳወቁ በኋላ፣ በዚያው ዕለት የተያዘላቸውን ቀዶ ሕክምና አከናወኑ።

ስም ማግኘት ግን ሕፃናቱን አላዳነም። እ.ኤ.አ. በ1930 ኩሺንግ 61 የሜዱሎብላስቶማ ሕመምተኞችን ውጤት ሲያወጡ፣ ሦስት ዓመት የቆየው አንድ ብቻ ነበር። ዕጢው በአንጎልና በአከርካሪ ፈሳሽ በኩል ስለሚዛመት ቢላዋ አይደርስበትም። በዘመኑ ዝነኛ የነበረ ቀዶ ሐኪም እንዲህ ያለውን ሽንፈት በቁጥር ማተሙ ከመጽሐፉ የማይተናነስ ሥራ ነው።

ሜዱሎብላስት በተባለው መልኩ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ዛሬ የሚታወቀው፣ ከሜዱሎብላስቶማ ዓይነቶች አንዱ በሴሬቤለም የውጭ ሽፋን ላይ ከሚገኙ የግራኑል ሕዋስ ቀዳሚዎች እንደሚነሣ ነው። ጥያቄው ራሱ ግን በ2003 እና በ2004 በቶሮንቶ በሺላ ሲንግና በፒተር ደርክስ ላቦራቶሪ በአዲስ መልክ ተመልሶ መጣ። ተመራማሪዎቹ ሲዲ133 የተባለውን ምልክት የተሸከሙ ሕዋሳትን ከሰው የአንጎል ዕጢ ለይተው፣ የመከላከል አቅም በሌላቸው አይጦች አንጎል ውስጥ ከተቡ። ምልክቱ ካላቸው 100 ሕዋሳት ብቻ አዲስ ዕጢ ሲያስነሡ፣ ከሌላቸው 100,000 ሕዋሳት አላስነሡም። ኋላ በተደረጉ ጥናቶች ምልክቱ የሌላቸው ሕዋሳትም ዕጢ ሲያስነሡ ስለታየ ሲዲ133 ብቻውን አስተማማኝ መለያ አይደለም። ከ1926ቱ ሐሳብ ጋር ያለው ልዩነትም መዘንጋት የለበትም። ቤይሊና ኩሺንግ ዕጢውን በአንድ የዕድገት ደረጃ ላይ የቆመ አድርገው አዩት፤ የአሁኑ ምርምር ግን በአንድ ዕጢ ውስጥ የተለያዩ ደረጃዎች ጎን ለጎን እንደሚኖሩ፣ የጎለመሰው ሕዋስም ወደ ኋላ ሊመለስ እንደሚችል ያሳያል።

ኩሺንግ በኤፕሪል 1931 በናሙና የተረጋገጠ 2,000ኛ የአንጎል ዕጢ ቀዶ ሕክምናቸውን አደረጉ። በ1932 ጡረታ ወጥተው በቀጣዩ ዓመት ወደ ዬል ተመለሱ፤ ክምችቱም ተከተላቸው። ጠባቂዋ በጽሕፈት ረዳትነት ጀምረው ኋላ ሐኪምና የነርቭ ፓቶሎጂ ባለሙያ የሆኑት ሉዊዝ አይዘንሃርት ነበሩ። ኩሺንግ ኦክቶበር 7 ቀን 1939 በልብ ሕመም ዐረፉ፤ አስከሬናቸው ሲመረመር በአንጎላቸው ሦስተኛ ቬንትሪክል ውስጥ አንድ ሴንቲሜትር ያህል የሆነ ኮሎይድ ሲስት ተገኘ። ናሙናዎቹ የተቀመጡባቸው የመስታወት ዕቃዎችና የፎቶግራፍ መስታወቶቹ ለብዙ ዓመታት በሕክምና ተማሪዎች መኖሪያ ምድር ቤት ተረስተው ከቆዩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በዬል የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለተመልካች ተከፈቱ።