የአበበ ቢቂላ ዊልቸር



የሻምበል አበበ ቢቂላ ስም ሲነሣ ሁላችንም የምናስታውሰው እግሩን ነው። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ልጆቻችን ሳይቀሩ ያውቁታል። የመጨረሻዎቹን አራት ዓመት ተኩል ያህል በዊልቸር እንደ ኖረ ግን ብዙ አይወራም። ከመካከላችን ያረጁ ወላጆችን፣ አልጋ ላይ የዋሉ ባሎችን፣ አካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች የምንጦር ስላለን፣ ዛሬ ልጽፍ የፈለግሁት በተለይ ስለዚያ ዘመኑ ነው።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ መጥቶ ክብር ዘበኛ ገባ። ለታላቅ ሯጭነት ያበቃው አሠልጣኝ ስዊድን አገር የኖረው ኦኒ ኒስካነን ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ምሽት፣ የሮምን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ አመጣ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ሆኖት ሳለ፣ ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ድሉን ደገመው። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ከእርሱ በፊት አልነበረም።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። አበበ ሮም ላይ ባሸነፈ በስምንተኛው ቀን፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በዚያችው ከተማ ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል አካል ጉዳተኞች ውድድራቸውን ጀመሩ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረው ይኸው ነው። በቶኪዮም እንዲሁ፣ ከአበበ ድል በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ባለ ዊልቸሮቹ ተወዳዳሪዎች መጡ። ወርቅ በወሰደባቸው በሁለቱም ከተሞች ከኋላው የተከተሉት እነዚህ ሰዎች፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጓደኞቹ ሆኑ።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠች። እስኪነጋ ድረስ ከመኪናዋ የሚያወጣው አላገኘም። አከርካሪው ክፉኛ ስለ ተጎዳ መጀመሪያ ላይ እግሩን ቀርቶ እጁንም ማንቀሳቀስ አልቻለም። ሳምንት ያህል ቆይቶ እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ፤ በዚያም ስምንት ወር ታከመ።

በዚያ ሆስፒታል የአከርካሪ ሕክምና ክፍሉን በ1936 ዓ.ም. ያቋቋመው ከናዚ ጀርመን የተሰደደው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ነው። ከዚያ በፊት አከርካሪው የተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሞተው በአንድ ጎን ተኝቶ ከመቆየት በሚመጣ ቁስልና በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። ጉትማን በሽተኞቹ ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አደረገ። ቀጥሎም ሥራና ስፖርት እንዲጀምሩ ገፋፋቸው። ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ በዊልቸር የተቀመጡ 16 ጉዳተኞችን በሆስፒታሉ ግቢ በቀስት አወዳደረ። የሮሙና የቶኪዮው ውድድር የተወለደው ከዚህ ነው።

የአበበ እግሮች አልተመለሱም፤ እጆቹ ግን ቀስ በቀስ ተመለሱ። ይህም በእጁ የሚገፋውን ዊልቸር ለመጠቀም አበቃው። እጃቸው ለማይታዘዝላቸው ሰዎች ደግሞ ካናዳዊው መሐንዲስ ጆርጅ ክላይን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ለተጎዱ ወታደሮች ተብሎ በባትሪ የሚሄድ ዊልቸር ሠርቶ ነበር። እንግዲህ መሣሪያ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው ሰውየው የቀረው አቅም ነው። መግፋት ለሚችል ሰው የኤሌክትሪክ ዊልቸር ሊከብድበት ይችላል፤ መግፋት ለማይችል ሰው ግን ነፃነቱ እርሱ ነው።

አበበ ዊልቸሩን ይዞ ቤት አልተቀመጠም። በ1962 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ተጋብዞ ሄዶ በበረዶ ላይ በተንሸራታች በተደረገ ውድድር አንደኛ ወጣ። በ1964 ዓ.ም. ለሙኒክ ኦሎምፒክ በክብር እንግድነት ሲጠራ የስታዲየሙ ሕዝብ ቆሞ አጨበጨበለት። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ከአደጋው ጋር በተያያዘ በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ባለቤቱ ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስና አራት ልጆቹ ከኋላው ቀሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ይህን ታሪክ ሳነብ ዓይኔ የሚያርፈው ወጪው ላይ ነው። አበበን ለውድድር ያበቃው የዊልቸሩ መግዣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ከዊልቸሩ ጋር የሚያገላብጡት ነርሶች፣ እጁን ያጠነከረለት ልምምድ፣ የሚወዳደርበት ሜዳና የሚጠብቁት ጓደኞች ነበሩ። በእኛ አቃቂ ቃሊቲ ደግሞ ክረምት ሲገባ ጥቁር አፈሩ ጎማ ይይዛል፤ በበጋም ኮብል ስቶኑ ብሎን ያላላል። የኤሌክትሪክ ዊልቸር ባትሪ ዕድሜው ሲያልቅ ይቀየራል፤ መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ አይሞላም። የአዛውንቶች የመስሚያ መሣሪያም በእያንዳንዱ ሰው የመስማት ልክ ካልተስተካከለ ጩኸት ብቻ ይሆንባቸውና መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ስለዚህ ለአባሎቻችን ቤተሰቦች መሣሪያ ስንገዛ ወይም በስጦታ ስንቀበል አራት ነገር አስቀድመን እንጠይቅ። ለሰውየው አካል በልኩ ነው ወይ? መቀመጫው ቁስል የሚከላከል ትራስ አለው ወይ? እግሩ ስሜት የሌለው ሰው ቁስሉ እስኪያመረቅዝ ላይታወቀው ይችላልና። ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል፣ መለዋወጫውስ ከየት ይገኛል? ከቤት ወደ ደጅ ያወጣዋል ወይ? የቤቱ ደፍ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው፣ ብቻውን ለሚወጣ ሰው የመወጣጫው ርዝመት 1 ሜትር ከ20 ያህል መሆን አለበት። ይህን አናጢ በአንድ ቀን የሚሠራው ነው፤ ካልተሠራ ግን ውዱ ዊልቸር አልጋ አጠገብ የቆመ ወንበር ሆኖ ይቀራል።

ለዚህ ነው በቀጣዩ ዓመት በጀት ላይ ከመሣሪያ መግዣው ሥር ለማስጠገኛ፣ ለትራስና ለመወጣጫ የሚሆን ራሱን የቻለ የሂሳብ መደብ እንዲከፈት ለጠቅላላ ጉባኤው ሐሳብ የማቀርበው። ደጋፊዎቻችንም አንድ ዊልቸር ሲለግሱ የሁለት ዓመት ጥገናውን አብረው ቢያስቡልን ልገሳው ሙሉ ይሆናል። የመሣሪያዎቹ ቁጥር በዚህ ምክንያት ቢያንስ እንኳ፣ ቤት የሚውሉት እናቶቻችንና ልጆቻችን ደጅ ወጥተው ከሰው ጋር ይውላሉ። ሂሳቡም በዚያ ይመዘን።