ከቴሌግራፍ መስመር እስከ ግዞት ሠፈር፦ የጋዜጠኛው የጆርጅ ኬናን የሙያ ጉዞ

አሜሪካዊው ጆርጅ ኬናን (1845–1924) ስለ ሩሲያ የግዞት ሥርዓት ባቀረባቸው ዘገባዎች በዘመኑ ስመ ጥር የነበረ ጋዜጠኛ ነው። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የታወቀው ዲፕሎማት ጆርጅ ኤፍ. ኬናን የሥጋ ዘመዱ በመሆኑ፣ ሁለቱ በስም ይምታታሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ የቀዳሚውን ኬናን የሙያ ጉዞ መሠረት በማድረግ አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ ይኸውም ዘጋቢው በሳይቤሪያ የቀድሞ አቋሙን እንዲለውጥ ያበቃው ምን እንደ ሆነና ያው ሰው ከ20 ዓመታት በኋላ በኮሪያ ተመሳሳይ ጥንቃቄ የጎደለው ለምን እንደ ሆነ ነው። ዓመታቱ በሙሉ የተጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የቴሌግራፍ ሠራተኛው

ኬናን የተወለደው በኦሃዮ ግዛት፣ በኖርዎክ ከተማ ነው። የቴሌግራፍን ሙያ በልጅነቱ ተምሮ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በሲንሲናቲ በዚሁ ሥራ አገልግሏል። በ1865 ዌስተርን ዩኒየን የተባለው ኩባንያ አሜሪካን ከአውሮፓ ጋር በአላስካ፣ በቤሪንግ ሰርጥና በሳይቤሪያ በኩል የሚያገናኝ የቴሌግራፍ መስመር ለመዘርጋት ሲነሣ፣ የ20 ዓመቱ ወጣት ከቅየሳ ቡድኑ ጋር ወደ ካምቻትካ ተጓዘ። ሁለት ክረምት ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ላይ ተንሸራታች እየተጓዘ አገሩን አሰሰ፤ ሩሲያኛም ተማረ።

ሆኖም በ1866 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር የተዘረጋው ገመድ ስለ ተሳካ፣ የየብሱ መስመር አስፈላጊነቱ ቀረ። በሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ የነበሩት ሠራተኞች ወሬውን የሰሙት ከወራት በኋላ፣ በ1867፣ ከአንድ የዓሣ ነባሪ አዳኞች መርከብ ነበር። ዕቅዱ ቢከሽፍም ለኬናን ቋንቋና ልምድ አተረፈለት። «የድንኳን ሕይወት በሳይቤሪያ» የተሰኘው መጽሐፉ በ1870 ታተመ፤ በኋላም አሶሺዬትድ ፕሬስ በተባለው የዜና ወኪል በዋሽንግተን ተቀጠረ።

አቋም ያስለወጠ ጉዞ

በ1880ዎቹ መጀመሪያ ኬናን የሩሲያን መንግሥት ከነቃፊዎቹ የሚከላከል ተናጋሪ ነበር። «ሴንቸሪ» የተባለው መጽሔት በ1885 ከሠዓሊው ከጆርጅ ፍሮስት ጋር ወደ ሳይቤሪያ ሲልከው፣ የሩሲያ ባለሥልጣናት የድጋፍ ደብዳቤ የሰጡትም እንደ ወዳጅ ስለ ቆጠሩት ነው። እስር ቤቶችን ለመጎብኘት በር የከፈተለት ይኸው ዝናው ነበር።

በትዩሜን የግዞተኞች ማስተላለፊያ እስር ቤት ያየው ነገር የመጀመሪያው ፈተና ሆነ። ለ850 ሰዎች በተወሰነው ሕንፃ ውስጥ በጉብኝቱ ዕለት 1,741 እስረኞች ታጉረው ነበር። ይበልጥ አቋሙን ያናጋው ግን ከፖለቲካ ግዞተኞች ጋር መገናኘቱ ነው። ጽንፈኛ ሁከተኞችን እንደሚያገኝ ጠብቆ የነበረው ጋዜጠኛ ያገኘው የተማሩና ጨዋ ሰዎችን ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ያለ ፍርድ፣ በአስተዳደር ትእዛዝ ብቻ የተጋዙ ነበሩ። እስከ ካራ ማዕድን የቅጣት ሠፈር ዘልቆ፣ በሰሌንጊንስክም አብዮተኛዋን የካተሪና ብሬሽኮቭስካያን አነጋገረ። የግዞተኞቹን ቃል ከባለሥልጣናት ምስክርነትና ከመንግሥቱ ሰነዶች ጋር ማመሳከሩ ለዘገባው ክብደት ሰጠው።

ጽሑፎቹ በመጽሔቱ ከወጡ በኋላ፣ በ1891 «ሳይቤሪያና የግዞት ሥርዓት» በሚል ርእስ በሁለት ቅጽ ታተሙ። ኬናን የእስረኛ ልብስ ለብሶና ሰንሰለት አጥልቆ በአዳራሾች ንግግር ያደርግ ነበር። ሥራው በሩሲያ ቢከለከልም ትርጉሙ በስውር ተሰራጭቷል፤ እርሱም በ1901 ወደዚያ ተመልሶ ሲገባ ከአገር ተባረረ።

ከሳይቤሪያ በኋላ

በ1898 የኩባን ጦርነት፣ በ1902 በማርቲኒክ ደሴት የደረሰውን የፔሌ እሳተ ገሞራ ጥፋት፣ ከ1904 ጀምሮም የሩሲያንና የጃፓንን ጦርነት ዘገበ። «አውትሉክ» በተባለው መጽሔት በ1905 ስለ ኮሪያ ባወጣው ጽሑፍ ግን ሕዝቡንና መንግሥቱን የዘቀጡ አድርጎ ሥሎ፣ የጃፓንን የበላይነት ደገፈ። በዚያው ዓመት ኮሪያ በጃፓን ሞግዚትነት ሥር ወደቀች፤ በ1910ም ፈጽማ ተጠቃለለች።

በጸሐፊው እይታ፣ የሁለቱ ዘገባዎች ልዩነት የመነጨው ከዘጋቢው ትጋት ሳይሆን ከምስክሮቹ ነው። በሁለቱም አገሮች ሥራውን የጀመረው ለባለ ሥልጣኑ ወገን በማዘንበል ነበር። በሳይቤሪያ ያወቀው ቋንቋ ተገዢዎቹን ያለ አማላጅ እንዲሰማ ስላስቻለው ዝንባሌው ታረመ። በኮሪያ ይህ መሣሪያ አልነበረውም፤ ለዛሩ መንግሥት ያደረበት ጥላቻም የዛሩን ጠላት ጃፓንን በበጎ ዓይን እንዲያይ ገፋፋው። የመጀመሪያው ዘገባው ለተጨቆኑት ድምፅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለአዲስ ጭቆና ማጽደቂያ ሆነ።

ኬናን በ1924 በኒውዮርክ ግዛት፣ በመዲና መንደር አረፈ። የውጭ አገር ዘገባን ታሪክ የሚያጠና ተመራማሪ የሳይቤሪያውን ኬናን ብቻ ለይቶ ቢያነብ፣ ጀግና ያገኛል፤ ሁለቱን ዘገባዎች ጎን ለጎን ቢያነብ ግን የአንድን ዘገባ ተአማኒነት ለመመዘን የጸሐፊውን ዝና ሳይሆን የምስክሮቹን ማንነት መጠየቅ እንደሚገባ ይረዳል።