ፍሬድሪክ ዊልሄልም ራይፋይዘን፡ ከምጽዋት ወደ ማኅበር

ችግር ሲደጋገም የተፈጥሮ ሕግ መምሰል ይጀምራል። አራጣ አበዳሪ በአያቶቻችን ዘመንም ነበረ፣ በልጆቻችንም ይኖራል፤ ድሃ በክረምት ተበድሮ በመኸር ምርቱን ማስረከቡ አይቀርም ይባላል። እንዲህ እየተባለ በዝምታ በሚኖርበት የጀርመን ገጠር ተወልደው፣ ይህ መሆን የለበትም ብለው ከተነሡት ሰዎች አንዱ ፍሬድሪክ ዊልሄልም ራይፋይዘን ናቸው። ዛሬ በብዙ አገሮች የምናያቸው የገጠር ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት አመሠራረት ከእርሳቸው ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ወጣትነት

ራይፋይዘን መጋቢት 30 ቀን 1818 ዌስተርዋልድ በተባለው ደጋማ አካባቢ፣ ሐም በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ለቤተሰቡ ከዘጠኝ ልጆች ሰባተኛው ነበሩ። አባታቸው ለተወሰነ ጊዜ የከተማዋ ከንቲባ የነበሩ ቢሆንም ቤተሰቡ ብዙም ሳይቆይ ችግር ላይ ወደቀ፤ ስለዚህ ራይፋይዘን ከፍተኛ ትምህርት የመማር ዕድል አላገኙም። የአካባቢው ቄስ ግን ቀለም እያስቆጠሩና በሥነ ምግባር እያነጹ አሳደጓቸው። በ17 ዓመታቸው የጦር ሠራዊት አባል ሆነው በመድፈኛ ክፍል አገለገሉ። በዚያው የጀመራቸው የዓይን ሕመም በ1843 ከሠራዊቱ እንዲሰናበቱ አስገደዳቸው፤ ሕመሙም ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም። ከዚያ በኋላ ወደ ሲቪል አስተዳደር ገብተው በ1845፣ ገና በወጣትነታቸው፣ ዌየርቡሽ ለተባለው የገጠር ወረዳ ከንቲባ ሆነው ተሾሙ።

የረሀቡ ክረምት

የዌስተርዋልድ መሬት ስስ፣ አየሩም ቀዝቃዛ ነው። በዚያ ላይ የድንች በሽታና የእህል መበላሸት ተጨምሮ በ1846 እና በ1847 መካከል በነበረው ክረምት ብርቱ ረሀብ ሆነ። መንግሥት እህል ቢልክም እህሉ ለገበሬው የሚሰጠው በእጅ በእጅ ክፍያ ብቻ እንዲሆን ታዘዘ። ገበሬው ደግሞ የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም።

ወጣቱ ከንቲባ ትእዛዙን ተቀብለው እጃቸውን አጣጥፈው ቢቀመጡ ማንም ባልወቀሳቸው ነበር። እርሳቸው ግን ደህና ኑሮ ያላቸውን የአካባቢውን ሰዎች ሰብስበው ገንዘብ እንዲያዋጡ አደረጉና እህሉን በዱቤ አከፋፈሉ። የጋራ ዳቦ መጋገሪያ አሠርተው ዳቦው ከገበያ ዋጋ በእጅጉ ባነሰ ዋጋ እንዲሸጥ አደረጉ። የዘር ድንችም ገዝተው አደሉ። ምርቱ ሲደርስ ገበሬው ዕዳውን ከፈለ። ራይፋይዘን ከዚህ የተረዱት፣ ድሃ ማለት የማይታመን ማለት እንዳልሆነ ነው። በተጨማሪም የደጋው ምርት ወደ ገበያ እንዲወጣ አካባቢውን ከራይን ወንዝ ጋር የሚያገናኝ መንገድ እንዲሠራ ጣሩ።

ምጽዋት ብቻውን አልበቃም

በ1848 ፍላመርስፌልድ ወደተባለ ወረዳ ሲዛወሩ ያገኙት ችግር የተለየ ነበር። ገበሬው ላም ለመግዛት ከነጋዴ ይበደራል፤ ዕዳው በወለድ ላይ ወለድ ሲጨመርበት ላሟም መሬቱም ይወሰድበታል። በ1849 ስልሳ ያህል ባለሀብቶች በጋራ ዋስ የሆኑበት የድሃ ገበሬዎች መርጃ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ከብት እየገዛ ለገበሬው ይሰጣል፤ ገበሬውም ዋጋውን በአምስት ዓመት ውስጥ ከፍሎ ይጨርሳል።

በ1852 ወደ ሄደስዶርፍ ከተዛወሩ በኋላም በ1854 ሌላ የበጎ አድራጎት ማኅበር መሠረቱ። ይህኛው ለገበሬ ከማበደር አልፎ አሳዳጊ ላጡ ሕፃናትና ከእስር ለተፈቱ ሰዎች ጭምር ያስባል። ነገር ግን የሀብታሞቹ ስሜት በዓመታት ውስጥ ቀዘቀዘ። ዋስትናው ሸክም ሆነባቸውና አንድ በአንድ ማኅበሩን ለቀው ወጡ።

የራይፋይዘን ሕይወት ዋነኛ መታጠፊያ ይህ ነው። ሰው አይረዳም፣ ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል ብለው መተው ይችሉ ነበር፤ ወይም በየዓመቱ የሀብታም ደጅ እየጠኑ በዚያው አሠራር መቀጠል ይችሉ ነበር። ሁለቱንም አላደረጉም። ለዓመታት የደከሙበትን የገዛ ራሳቸውን አሠራር መረመሩና ለወጡት። የሚረዳው ገበሬ ውጪ ቆሞ እጁን የሚዘረጋ ከሆነ ማኅበሩ የለጋሾቹ እንጂ የእርሱ እንዳልሆነ ተገነዘቡ።

የብድር ማኅበራት

በ1862 አንሐውዘን በተባለው አካባቢ፣ በ1864 ደግሞ በሄደስዶርፍ የብድር ማኅበራት ተቋቋሙ። በሄደስዶርፉ ማኅበር ደንብ መሠረት ብድር የሚያገኝ ሰው አባል መሆን ግዴታው ነው። አባላቱ አንዱ ለሌላው ባላቸው ንብረት ሁሉ ዋስ ይሆናሉ። ማኅበሩ ከአንድ ትንሽ አካባቢ አይወጣም፤ ስለዚህ ማን ምን እንዳለው፣ ብድሩን ለምን እንዳዋለው ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ከሒሳብ ያዡ በቀር የሥራ መሪዎቹ ያለ ክፍያ ያገለግላሉ። ትርፉ ለአባላት አይከፋፈልም፤ ለማኅበሩ የማይነካ መጠባበቂያ ይሆናል። የብድሩ መክፈያ ጊዜም የእርሻን ሥራ ያገናዘበ ረዘም ያለ ነው። በከተማ ለሚኖሩ የእጅ ባለሙያዎች የብድር ማኅበራትን ያደራጁት ሄርማን ሹልትሰ ዴሊች በአክሲዮንና በብድር ዘመን ጉዳይ አጥብቀው ቢከራከሯቸውም ራይፋይዘን ለገበሬ የሚስማማው ይህ ነው ብለው ጸኑ።

አንዱ መንደር ገንዘብ ሲተርፈው ሌላው ስለሚያጥረው፣ በ1872 ማኅበራቱን የሚያገናኝ የኅብረት ሥራ ባንክ በኖይቪድ ከተማ እንዲመሠረት አደረጉ። መሠረታዊ ማኅበራት ተሰባስበው ዩኒየን የሚያቋቁሙበት ምክንያትም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲሠራ የራሳቸው ኑሮ የተመቸ አልነበረም። በ1863 ባለቤታቸው ኤሚልየ በሞት ተለዩአቸው። በ1865 በጤና ምክንያት በ47 ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። የጡረታው ገንዘብ ስላልበቃቸው ሲጋራ ማምረት፣ በኋላም የወይን ጠጅ መነገድ ጀመሩ። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ የመጀመሪያ ልጃቸው አማልየ እያነበበችላቸውና እየጻፈችላቸው በ1866 ስለ ብድር ማኅበራት የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ ደንቡን፣ የሒሳብ አያያዙንና አመሠራረቱን የሚያስተምር በመሆኑ በየመንደሩ መመሪያ ሆነ። መጋቢት 11 ቀን 1888፣ 70 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀናት ሲቀሩ አረፉ። በዚያን ጊዜ በእርሳቸው መንገድ የተቋቋሙት ማኅበራት ቁጥር ከ400 በላይ ደርሶ ነበር።

ከሕይወታቸው የምንማረው

በ2016፣ በእኛ አቆጣጠር በኅዳር 2009፣ በአዲስ አበባ በተካሄደ የዩኔስኮ ጉባኤ ላይ ሰዎች የጋራ ጥቅማቸውን በኅብረት ሥራ ማኅበር የማደራጀታቸው ልማድ ጀርመን ባቀረበችው ጥያቄ በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። የአንድ የገጠር ከንቲባ ጥረት ፍሬ እንዲህ በእኛው ከተማ ክብር ማግኘቱ ለእኛ ለኅብረት ሥራ ቤተሰቦች ደስ የሚያሰኝ ነው።

ትምህርቱ ግን ከደስታ ያለፈ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ብሂል ሁላችንም እናውቀዋለን። የራይፋይዘን ሕይወት የሚያሳየን ድሩ በምን ዓይነት ክር እንደሚፈተል ነው። ችግርን ችሎ መኖር አንድ ነገር ነው፤ ችግርን በሌላ ሰው ቸርነት ማስታገስም ሌላ ነው። ከሁለቱም የሚሻለው ባለችግሩ ራሱ የመፍትሔው ባለቤት የሚሆንበት አሠራር ነው። ስለዚህ በጠቅላላ ጉባኤ የማይገኝ አባል፣ ብድሩን በወቅቱ የማይመልስ ተበዳሪ፣ ሒሳቡን ለአባላት የማያቀርብ ሥራ አመራር ኮሚቴ ማኅበሩን ቀስ በቀስ ከባለቤቶቹ እጅ ያወጣዋል። የአስተዳደር አካላትም ድጋፋቸው ማኅበሩን በራሱ እንዲቆም የሚያደርግ እንጂ ደጅ ጠኚ የሚያደርገው እንዳይሆን ሊጠነቀቁ ይገባል። ራይፋይዘን መልካም ሐሳባቸው አልሠራ ሲል ሐሳቡን ሳይተዉ አሠራሩን ለወጡ። እኛም የምሥረታ በዓላችንን ስናከብር ከየትኛው አሠራራችን መላቀቅ እንዳለብን በግልጽ ብንመካከር በዓሉ ከድግስ ያለፈ ትርጉም ይኖረዋል።