ሙሴ ነርሲስ ናልባንድያን፤ መሪነትና ርክክብ

በሙያችን የአንድ ሥራ መጨረሻ ግንባታው የቆመበት ቀን ሳይሆን ርክክቡ የተፈጸመበት ቀን ነው። ሠሪው ያስረክባል፤ ባለቤቱ ይረከባል፤ ንድፉ፣ የዕቃው ዝርዝርና የአያያዙ መመሪያ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ይህ ሥርዓት ባልተፈጸመበት ስፍራ ግድግዳው ቢያምር፣ ጣሪያው ቢያብረቀርቅም ሥራው ተጠናቀቀ ለማለት አይቻልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይኸው ሕግ ከሕንፃና ከመንገድ ውጭም የሚሠራ መሆኑን በአንድ የታወቁ ሰው ሕይወት ማሳየት ነው። እኒህ ሰው የሙዚቃ መሪው ሙሴ ነርሲስ ናልባንድያን ናቸው።

ለመሐንዲሶች መጽሔት ስለ ሙዚቃ መሪ የምጽፍበትን ምክንያት አስቀድሜ ልግለጽ። በሥራ ምክንያት በወልቂጤና በቡታጅራ መካከል ስመላለስ ዓመታት አልፈዋል። ከሁለቱ ከተሞች በአንደኛው የሚገኝ አንድ የወጣቶች የማርሽ ባንድ መሪውን በለወጠ ጊዜ፣ ንብረቱን ቆጥረው እንዲያረካክቡ ከተመረጡት ሰዎች አንዱ ነበርሁ። ባንዱ ከጎረቤት ከተሞች ባንዶች ጋር እየተወዳደረ ብዙ ጊዜ የተመሰገነ ነበር። በርክክቡ ቀን ግን ያገኘነው ቆዳቸው የተቀደደ ሁለት ከበሮዎችና መንፊያው የጠፋ አንድ ጡሩምባ ብቻ ነው። የዕቃ መዝገብ አልነበረም፤ የዜማ ጽሑፍም አልነበረም። ባንዱ ይጫወታቸው የነበሩት ዜማዎች ሁሉ በቀድሞው መሪ ራስ ውስጥ ነበሩና እርሱ ሲሄድ እነርሱም አብረው ሄዱ። ልጆቹ ለሚቀጥለው ውድድር ሳይቀርቡ ቀሩ። ስብሰባውም ማን ይጠየቅ በሚል ክርክር መሸ። ሁሉም በየፊናው ሌላውን አመለከተ። ለባንዱ መቋቋሚያ ገንዘብ ስናዋጣ መዝገብ ይኑር ሳልል መቅረቴን አስታውሼ እኔም ዝም አልሁ። የነርሲስን ታሪክ በሌላ ዓይን ማየት የጀመርሁት ከዚያ ምሽት በኋላ ነው።

በአገራችን የሹመትና የሰልፍ ድምፅ ከጥንት ጀምሮ ነጋሪት፣ እምቢልታና መለከት ነበር። ከናስ የተሠሩት የአውሮፓ የሙዚቃ መሣሪያዎች በብዛት የታወቁት ከዐድዋ ድል በኋላ፣ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ለዳግማዊ ምኒልክ በስጦታ ከላኳቸው ወዲህ ነው። ቀጥሎ የመጣው ታላቅ ለውጥ በ1916 ዓ.ም. የተጀመረው ነው። በዚያ ዓመት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌምን ጎበኙ፤ በአርመኖች ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች የናስ ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰምተው እጅግ ስለ ተደሰቱ አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ልጆቹ በታሪክ አርባ ልጆች ተብለው ይጠራሉ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ሲሆኑ፣ ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር የሆነውን ዜማ የደረሱ እርሳቸው ናቸው። ግጥሙን የጻፉት ዮፍታሔ ንጉሤ ነበሩ። መዝሙሩ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በተከበረው የዘውድ በዓል ተሰምቶ እስከ 1967 ዓ.ም. አገልግሏል።

ይሁንና የአርባዎቹ ልጆች ባንድ የቆየው ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ውላቸው ሲያበቃ ባንዱ ተበተነ፤ አንዳንዶቹ በኢትዮጵያ ቀሩ፣ ሌሎቹ ወደ ሌላ አገር ሄዱ። የክቡር ዘበኛውን ሙዚቃ ስዊሳዊው አንድሬ ኒኮ ተረከበ። በኋላ ደግሞ የጣልያን ወረራ መጣና የተጀመረው ሁሉ ተቋረጠ። በዚህ ዘመን የነበረው ድክመት በጉልህ ይታያል። ባንድ ማለት መሪው ነበር፤ መሪው ሲለወጥ ሥራው ከመሠረቱ እንደገና ይጀመር ነበር።

ነርሲስ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነበሩ። የተወለዱት በ1907 ዓ.ም. በኦቶማን መንግሥት ግዛት በነበረችው በአይንታብ ከተማ ነው። ዘመኑ በአርመኖች ላይ ታላቁ ፍጅት የተፈጸመበት ስለ ነበረ ቤተ ሰባቸው ተሰዶ ሶርያ ውስጥ ሐለብ ከተማ ተቀመጠ። በስደት ያደገ ሕፃን ቤትና ርስት ሊነጠቁ እንደሚችሉ፣ በአእምሮ የያዙትና በጽሑፍ ያኖሩት ግን ከሰው ጋር እንደሚሻገር በልጅነቱ ይማራል። ይህ ትምህርት በነርሲስ የኋላ ሥራ ላይ ጎልቶ የሚታይ ይመስለኛል። በ1930 ዓ.ም. ገደማ አጎታቸው ወዳሉበት ወደ አዲስ አበባ መጡ።

ከነጻነት በኋላ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የራሱን የሙዚቃ ክፍል ሲያደራጅ ነርሲስ በመሪነት ተሰለፉ። ያን ጊዜ በከተማዪቱ የነበሩት የሙዚቃ ክፍሎች በብርቱ ይፎካከሩ ጀምር። ክቡር ዘበኛ፣ ምድር ጦርና ፖሊስ ሠራዊት እያንዳንዳቸው ለሰልፍ የማርሽ ባንድ፣ ለአዳራሽ ደግሞ ዘፋኞች ያሉት ኦርኬስትራ ነበራቸው። ክቡር ዘበኛ በፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች፣ በኋላም በኦስትሪያዊው ፍራንዝ ጸልቬከር ተመርቷል። የሚሻል ዘፋኝ፣ የሚበልጥ ጡሩምባ ነፊ ለማግኘት አንዱ ክፍል ከሌላው ጋር ይሻማ ነበር። ጥላሁን ገሠሠ ከአገር ፍቅር ቴአትር ወደ ክቡር ዘበኛ የተሻገረው በዚህ ዘመን ነው። በመርካቶ አካባቢ ያደገው የጉራጌ ልጅ ማሕሙድ አሕመድም በኋላ ስሙን ያስጠራው በዚሁ በክቡር ዘበኛ ባንድ ነው።

በዚህ ውድድር መካከል የነርሲስ ሥራ ልዩ የሚሆነው በአሠራራቸው ነው። የአገራችን ዜማ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝቶች በአምስት ድምፅ የሚሄድ፣ በጆሮ የሚማሩትና በቃል የሚያስተላልፉት ነው። ሳክስፎን፣ ጡሩምባና ትሮምቦን በየረድፉ የሚቀመጡበት ትልቅ ባንድ ግን በቃል ብቻ አይመራም። ለእያንዳንዱ ተጫዋች የየራሱ ድርሻ በኖታ መጻፍ አለበት፤ መሪው ደግሞ ድርሻዎቹ ሁሉ አንድ ላይ የሚታዩበትን ሙሉ ጽሑፍ ይይዛል። ነርሲስ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ቅኝቱን ሳያጠፉ ለናስ መሣሪያዎች አቀናበሩት፤ ያቀናበሩትን በእጃቸው ጻፉ፤ ጽሑፉን የሚያነቡ ኢትዮጵያውያንን አሠለጠኑ። ለእኛ ለመሐንዲሶች ነገሩ ግልጽ ነው። ድርሻው የእያንዳንዱ ግንበኛ የሥራ ንድፍ ነው፤ ሙሉው ጽሑፍ የሕንፃው ጠቅላላ ንድፍ ነው። ንድፍ ባለበት ስፍራ ሥራው ከመሪው ሰውነት ይለያል፤ ስሕተትም ሲገኝ የማን እንደ ሆነ ይታወቃል። ጡሩምባ ነፊው የተጻፈለትን ካልነፋ እርሱ ይጠየቃል፤ ጽሑፉ ራሱ ከተሳሳተ ግን ተጠያቂው መሪው ነው።

በ1948 ዓ.ም. ለዘውዱ የብር ኢዮቤልዩ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት የማዘጋጃ ቤቱ የሙዚቃ ክፍል ወደዚያ ተዛወረ። ብዙም ሳይቆይ ነርሲስ የቴአትሩን ሙዚቃ ከጸልቬከር ተረከቡ። በዚህ ስፍራ የራሳቸውን ባንድ ብቻ አልመሩም፤ በወታደሩና በፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች ውስጥም እያስተማሩ የተፎካካሪዎቻቸውን ልጆች ጭምር አሠልጥነዋል። ውድድርን ጠላትነት ለሚያደርግ መሪ ይህ ሞኝነት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሁሉም ኖታ የሚያነብ ከሆነ ውድድሩ በምስጢር መደበቅ ሳይሆን በሥራ ጥራት ላይ ይሆናል። ነርሲስ በ1951 ዓ.ም. ገደማ ኢትዮጵያዊ ዜግነት አገኙ። በስደት የጀመረው ሕይወት በዜግነት ተተከለ።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ በኋላ የሆነው ነገር ለርእሳችን ሌላ ትምህርት አለው። ሙከራውን ያቀዱት አዛዦች ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ቁጣው ሳክስፎን እስከሚነፋው ሙዚቀኛ ድረስ ወረደ። ጥላሁን ገሠሠም ከታሰሩት አንዱ ነበር። ሙዚቀኛው የወታደር ማዕርግና ደመወዝ ያለው፣ መሣሪያው የመንግሥት፣ ለቅቆ ለመሄድም ነጻነት የሌለው ስለ ነበረ የአለቃው ዕዳ በእርሱ ላይ ተቈጠረ። ተጠያቂነት ወደ ላይ ሳይወጣ ወደ ታች ሲፈስ ቅጣት ይሆናል እንጂ ተጠያቂነት አይሆንም። በየሥራችን የፈረሰ ግድግዳ ሲገኝ ከቀን ሠራተኛው ጀምረን የምንጠይቅ ሁላችን ይህን ልናስብ ይገባናል።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የመሪነቱ በትር ወደ ኢትዮጵያውያን ተሻገረ። በክቡር ዘበኛ እንደ ሣህሌ ደጋጎ ያሉ አቀናባሪዎች ተነሡ፤ የቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ሲቋቋም በአሸናፊ ከበደ ዳይሬክተርነት ሥራውን ጀመረ። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የጦር ክፍሎቹ የሙዚቃ ዘመን ተለወጠ፤ የሰዓት እላፊ ታውጆ የሌሊት ሙዚቃ ጠፋ፤ ኬቮርክ የደረሱት ብሔራዊ መዝሙርም ተሻረ። ነርሲስ ግን ብሔራዊ ቴአትር የተባለውን ቤት ሳይለቁ ቆዩ። በኅዳር 1970 ዓ.ም. በዚሁ በአዲስ አበባ ዐረፉ። ዕድሜያቸው ስድሳ ሁለት ዓመት ነበር።

የታሪኩ ፍሬ የሚገኘው ከዚህ በኋላ ነው። በእጅ የተጻፉት ኖታዎች በቤተ ሰባቸው ዘንድ ተጠብቀው ቆዩ። ከሞቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ አሜሪካ ውስጥ በቦስተን ከተማ የተቋቋመው አይዘር ኦርኬስትራ የነርሲስን ሥራዎች ከኖታዎቹ ላይ አንብቦ በአዲስ አበባ ተጫወተ። ነርሲስን በሕይወት ያላዩ ሰዎች ሥራቸውን መልሰው አቆሙት። ይህ ነው ርክክብ ማለት። ተረካቢው ማን እንደሚሆን ሳያውቁ፣ ማንም ቢሆን እንዲረከብ አድርገው አዘጋጅተውት ሄዱ።

ምስጋናው ልክ ይኑረው ዘንድ ጉድለቱንም መመልከት ያስፈልጋል። ኖታዎቹ የዳኑት በመንግሥት መዝገብ ቤት ሳይሆን በአንድ ቤተ ሰብ ትጋት ነው። የሚተጋ ቤተ ሰብ ባይኖራቸው ኖሮ የነርሲስም ድካም በእኛ ከተማ ባንድ ላይ እንደ ደረሰው በሆነ ነበር። ስለዚህ መሪ መጻፉ ብቻ አይበቃም፤ ተቋሙም መቀበልና መጠበቅ ግዴታው ነው። ተጠያቂነቱ በአስረካቢውና በተረካቢው ላይ እኩል ይወድቃል።

ይህ አስተሳሰብ ለጉራጌ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓመታት ከመንግሥት እጅ ብቻ ሳይጠብቅ ገንዘቡን አዋጥቶ የራሱን መንገድ ያሠራ ሕዝብ ነው። ገንዘቡ ከብዙ ሺህ እጅ የሚሰበሰብ ሲሆን፣ አዋጪው የሚተማመነው በሰብሳቢው መልክ ሳይሆን በደረሰኙና በሚታየው መንገድ ነው። ለመንገድ ያወቅነውን ለከበሮ የምንረሳበት ምክንያት የለም።

በዚያች ከተማ ያለው ባንድ ዛሬ እንደገና ተቋቁሟል። ገንዘብ የሰጠነው ሰዎች በዚህ ጊዜ አስቀድመን ሦስት ነገሮችን ጠይቀናል፤ እነርሱም በሁለት ሰዎች ፊርማ የሚያዝ የዕቃ መዝገብ፣ የመሪው የአገልግሎት ዘመን የተወሰነበት መተዳደሪያ፣ እንዲሁም ባንዱ የሚጫወታቸው ዜማዎች የሚጻፉበት ደብተር ናቸው። ሁለት ልጆች ኖታ መጻፍ ጀምረዋል። እስከ አሁን በደብተሩ የሰፈሩት አራት ዜማዎች ናቸው፤ ጽሑፉም ገና ብዙ ስርዝ ድልዝ አለበት። ቢሆንም የዛሬው መሪ ነገ ቢሄድ አራቱ ዜማዎች በከተማው ይቀራሉ። እኔም በቀድሞው ስብሰባ ዝም ያልሁበትን ዕዳ በዚህ በጥቂቱ የከፈልሁ ይመስለኛል። የማኅበራችን አባላትም በየሥራ ቦታችሁ ካለው የርክክብ ሰነድ በፊት የየራሳችሁን ደብተር እንድትመለከቱ እያሳሰብሁ ጽሑፌን በዚህ አበቃለሁ።