ቤን ሆጋን፡- የእጅ አንጓውን የገራ የጎልፍ ሊቅ

ጎልፍ ትንሽ ኳስ በዱላ መትቶ ጉድጓድ ውስጥ የማስገባት ጨዋታ በመሆኑ ለተመልካች ቀላል ይመስላል፡፡ የኳሱን አቅጣጫ በዋናነት የሚወስነው ግን የዱላው ገጽ ኳሱን በሚነካበት ቅጽበት ያለው አቀማመጥ ሲሆን፣ ያንን አቀማመጥ የሚቆጣጠረው ደግሞ የተጫዋቹ የእጅ አንጓ ነው፡፡ አሜሪካዊው ቤን ሆጋን የወጣትነት ዘመኑን ያሳለፈው ከዚሁ ከገዛ አንጓው ጋር ሲታገል ነው፡፡

ሆጋን የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 13 ቀን 1912 በቴክሳስ ግዛት ስቴፈንቪል በተባለች ከተማ ነው፡፡ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው፡፡) አባቱ ቼስተር ሆጋን አንጥረኛ ነበሩ፡፡ በ1922 በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን ሲያጠፉ ቤን ገና የ9 ዓመት ልጅ ነበር፡፡ ኑሮ የከበደው ታዳጊ በፎርት ዎርዝ ባቡር ጣቢያ ጋዜጣ እያዞረ ይሸጥ ጀመር፡፡ በ11 ዓመቱ በግሌን ጋርደን ክለብ የተጫዋቾችን የዱላ ቦርሳ እየተሸከመ ሳንቲም የሚያገኝበት ሥራ ያዘ፡፡ በኋላ ታላቅ ተፎካካሪው የሆነው ባይረን ኔልሰንም በዚያው ክለብ ቦርሳ ተሸካሚ ነበር፡፡

በ1930 ጎልፍን መተዳደሪያው ቢያደርገውም ለአሥር ዓመታት ያህል በግሉ አንድም ውድድር አላሸነፈም፡፡ ገንዘብ እያለቀበት ወደ ቤቱ የተመለሰበት ጊዜ ከአንድ በላይ ነው፡፡ በ1938 በኦክላንድ ከተማ ውድድር ላይ ሳለ ደግሞ የመኪናው ጎማዎች ተሰረቁበት፡፡ በዚያው ውድድር ያገኘው ሽልማት ባይደርስለት ኖሮ እሱና ባለቤቱ ቫለሪ ጉዟቸው እዚያው ያበቃ ነበር፡፡

የችግሩ ምንጭ ወደ ግራ የሚጠማዘዘው ምቱ ነበር፡፡ ዱላው ወደ ኋላ ተነስቶ ሲወርድ አንጓዎች በፍጥነት ይዞራሉ፤ ከልክ በላይ ከዞሩ የዱላው ገጽ ወደ ግራ ይዘጋል፡፡ ኳሱም ቀጥ ብሎ ይነሳና ወደ ግራ ታጥፎ ይወርዳል፤ መሬት ከነካ በኋላም ርቆ ስለሚንከባለል ከሜዳው የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው፡፡ ሆጋን ቁመቱ አጭር፣ ክብደቱም ቀላል በመሆኑ ርቀት የሚያገኘው በአንጓው ፍጥነት ነበር፡፡ ይኸው ጉልበቱ ነው እንግዲህ ጠላቱም የሆነው፡፡

ከ1940 እስከ 1942 በተከታታይ ከፍተኛውን የሽልማት ገንዘብ ቢያገኝም ሥጋቱ አልለቀቀውም፡፡ መፍትሔውን ያገኘው ከጦር ሠራዊት አገልግሎት ከተመለሰ በኋላ በ1946 ነው፡፡ በቀኝ የሚመታ ተጫዋች በመሆኑ በዱላው መያዣ የላይኛው ጫፍ የሚያርፈውን ግራ እጁን በጥቂቱ ወደ ግራ አዞረ፡፡ ዱላው ከትከሻው በላይ በደረሰ ጊዜም የግራ አንጓውን በጥቂቱ ወደ እጁ ጀርባ አጠፈ፡፡ ይህች ትንሽ እጥፋት የዱላውን ገጽ ስለምትከፍተው፣ የቱንም ያህል አጥብቆ ቢመታ ገጹ ከልክ በላይ አይዘጋም፡፡ በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን ታላቅ ዋንጫ፣ የፒጂኤ ሻምፒዮናን፣ አነሳ፡፡ በ1948ም የአሜሪካ ኦፕንን አሸነፈ፡፡

ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1949 በቴክሳስ ቫን ሆርን አቅራቢያ በጭጋግ ውስጥ ሲያሽከረክር፣ የጭነት መኪና ለመቅደም የወጣ አውቶቡስ ፊት ለፊት ገጨው፡፡ ሆጋን ቫለሪን ለመከላከል ወደ እርሷ ተወርውሮ ስለነበር መሪው የነበረበትን መቀመጫ ሲበሳ እሱ ተረፈ፡፡ ሆኖም የዳሌው አጥንት፣ የአንገት አጥንቱና የግራ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበሩ፡፡ የረጋ ደም ሕይወቱን ሥጋት ላይ በመጣሉም ሐኪሞች ከታችኛው አካሉ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ የደም ሥር ቋጠሩት፡፡ ከዚያ ወዲህ እግሮቹ ሳያብጡበትና ሳያሙት ረጅም መንገድ መራመድ አልቻለም፡፡

በ16 ወራት ውስጥ ግን እግሮቹን በፋሻ ጠቅልሎ በሜሪየን ሜዳ የአሜሪካ ኦፕን ላይ ቀረበ፡፡ በመጨረሻው ቀን 36 ጉድጓዶችን በእግሩ ዞሮ ከሎይድ ማንግረምና ከጆርጅ ፋዚዮ ጋር እኩል ወጣ፡፡ በማግስቱ በተደረገው መለያ በ69 ምት አሸነፈ፤ ማንግረም 73፣ ፋዚዮ 75 ነበሩ፡፡ በ1953 ደግሞ ከተካፈለባቸው ስድስት ውድድሮች አምስቱን አሸነፈ፡፡ ከእነዚህም ውስጥ ማስተርስ፣ የአሜሪካ ኦፕንና በካርኑስቲ የተካሄደው የብሪታኒያ ኦፕን ይገኙበታል፡፡ በአጠቃላይ ዘጠኝ ታላላቅ ዋንጫዎችን ወስዷል፡፡

ሆጋን የአንጓውን ምስጢር በ1955 በላይፍ መጽሔት ላይ ይፋ ሲያደርግ በርካታ አማተር ተጫዋቾች ሊከተሉት ሞከሩ፡፡ መድኃኒቱ ግን የታዘዘው ለሆጋን ሕመም ነበር፡፡ የብዙዎቹ ኳስ ቀድሞውንም ወደ ቀኝ የሚሸሽ በመሆኑ የዱላቸውን ገጽ ይበልጥ መክፈት ጉዳቱ ያመዝናል፡፡ በ1957 ባሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፍ ሌላውን ገጽታ አጉልቶ አሳይቷል፡፡ ይኸውም ዱላው ኳሱን በሚነካበት ቅጽበት የግራ አንጓ ወደ ኋላ ሳይሰበር ወደ ዒላማው በጥቂቱ ወጣ ማለት እንዳለበት ነው፡፡

ሆጋን ጁላይ 25 ቀን 1997 በፎርት ዎርዝ በ84 ዓመቱ ሲያርፍ፣ የአንጓው ምስጢር ያቺ እጥፋት ብቻ ነበረች ወይስ ሌላም ነገር ነበረው የሚለው ክርክር በጎልፍ ተጫዋቾች ዘንድ ገና አላበቃም ነበር፡፡